የካርቱኖቻችን አንገት ለምን እንደ በር ይዞራል?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአገር ውስጥ አኒሜሽን ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ወሬው ወዲያው ወደ ገንዘብና ወደ መሣሪያ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ ደካማ ነው፣ ሶፍትዌሩ ውድ ነው፣ የውጭዎቹ ስንት ሠራተኛ አላቸው ይባላል። ተመልካቹ የሚያማርረው ግን ሌላ ነው። ማስታወቂያው ላይ አንዲት እናት ልጇ ሲጠራት ዞር ስትል ያያል። ሥዕሏ ያምራል፣ ድምፁም ጥሩ ነው፤ አዟዟሯ ግን ማጠፊያ ላይ የተሰካ በር ነው። ‹‹ግትር ነው፣ ነፍስ የለውም›› ይላል፤ እውነቱን ነው። ይህ ጉድለት ከኮምፒውተር አቅም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ብሌንደር የሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ እዚያ ላይ በደንብ የተሠራ የራስ አዟዟር በውድ ሶፍትዌር ከተሠራው አያንስም። ችግሩ የመሃሉን ሥራ ለማሽኑ ትቶ መሄድ ነው። ሥራ የሚያዙ ድርጅቶችም ሆኑ ሙያውን የሚማሩ ወጣቶች ሊጠቀሙበት ስለሚችሉ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው። አኒሜተሩ ፍሬም 1 ላይ (ፍሬም ማለት ቪዲዮው ከተሠራባቸው ተከታታይ ሥዕሎች አንዱ ነው) ወደ ግራ የሚያይ ራስ ያስቀምጣል፤ ፍሬም 11 ላይ ደግሞ 60 ዲግሪ ዞሮ ወደ ቀኝ የሚያይ ራስ። የመሃሉን ዘጠኝ ፍሬም ኮምፒውተሩ ይሞላዋል። ከርቩ፣ ማለትም እንቅስቃሴው በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳየው መስመር፣ ሊኒየር (ቀጥ ያለ) ከሆነ ለየፍሬሙ እኩል 6 ዲግሪ ያከፋፍላል፤ ራሱ በአንድ ፍጥነት ተነሥቶ በዚያው ፍጥነት ሄዶ ድንገት ቀጥ ይላል። ከርቩ ስፕላይን (ለስለስ ብሎ የሚታጠፍ) ከሆነ መነሻና መድረሻው ይለዝባል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ‹‹ተስተካከለ›› ብሎ ይተወዋል። አልተስተካከለም። አፍንጫው አሁንም ከግራ ወደ ቀኝ በቀጥታ መስመር ነው የሚሄደው። ዓይን፣ ቅንድብ፣ አንገት፣ ጉትቻ ሁሉ በአንድ ፍሬም ተነሥተው በአንድ ፍሬም ይቆማሉ። ተመልካቹ የሰው ፊት ሲያይ ነው ያደገው፤ የስሕተቱን ስም ባያውቅም ስሕተት መሆኑን ያውቃል።

ከአካሉ እንጀምር። የሰው አንገት ሰባት አጥንቶች አሉት። ራስ ሲዞር ከመዞሩ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከላይኞቹ ሁለት አጥንቶች መጋጠሚያ፣ ከራስ ቅሉ ሥር ነው፤ ቀሪውን የታችኞቹ ይካፈሉታል። ጤነኛ ጎልማሳ ወደ አንድ ጎን ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ ከዚያ ካለፈ ትከሻና ደረት መከተል አለባቸው። ሪግ፣ ማለትም ገጸ ባሕሪውን የሚያንቀሳቅሰውን የውስጥ አጽም፣ የሚሠራው ሰው ከዚህ ሁለት ነገር ይውሰድ። መዞሪያው ነጥብ የፊቱ መሃል ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ቦታው ራስ ቅሉ ከአንገት የሚገናኝበት፣ በጆሮ ግንድ ትይዩ ወደ ውስጥ ነው። ነጥቡ ወደ ፊት ከመጣ አፍንጫው ትንሽ ይንቀሳቀስና ማጅራቱ ሰፊ ክብ ይዞራል፤ ይህ በሰው ላይ የማይታይ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ መዞሩን በሙሉ ለራስ ኮንትሮለር (አኒሜተሩ ይዞ ለሚያንቀሳቅሰው መያዣ) አለመስጠት ነው። ከ60 ዲግሪው 38 ያህሉን ራስ፣ 22ቱን አንገት ቢይዙት ይበቃል። ሁሉም ራስ ላይ ሲጫን አገጭ ሥር ያለው ቆዳ ተጠምዝዞ ይቀጥናል፣ ኮሌታውም ሥጋ ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው የዓይን ስሕተት ነው። የሰው ዓይን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሄድ አይንሸራተትም፣ ይዘላል። ዝላዩ ከሴኮንድ አሥረኛ ክፍል ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ በአኒሜሽን 1 ወይም 2 ፍሬም፣ ቢበዛ 3 ነው። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ለሚሆን ትንሽ ዕይታ ራስ ጭራሽ ላይንቀሳቀስ ይችላል፤ ዓይን ብቻውን ይጨርሰዋል። ሰፋ ላለ ዕይታ ዓይን ቀድሞ ይዘላል፣ ራስ ሁለት ሦስት ፍሬም ዘግይቶ ይከተላል። ብዙዎች እስከዚህ ድረስ ያውቃሉ። የሚረሳው ቀጣዩ ነው፦ ዓይን የሚፈልገውን ካገኘ በኋላ ራስ ገና እየዞረ ስለሆነ፣ ዓይን እዚያው ነገር ላይ እንደተተከለ ለመቆየት በጉድጓዱ ውስጥ ወደ ኋላ ይመለሳል። ራስ በሄደው ልክ ዓይን በተቃራኒው ይዞራል። ይህ ካልተሠራ ገጸ ባሕሪዋ የሚጠራትን ልጅ አልፋ ግድግዳውን የምታይ ትመስላለች።

በእጅ መሥራቱ አድካሚ ስለሆነ ዓይኖቹን ከራስ ነፃ በሆነ ዒላማ ማሰር ይሻላል። ብሌንደር ላይ ‹‹ዳምፕድ ትራክ›› የሚባለው ኮንስትሬንት (ማሰሪያ)፣ ማያ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ‹‹ኤይም ኮንስትሬንት›› ይህን ያደርጋሉ። ዒላማውን በ2 ፍሬም ወደ ልጁ ፊት ካዘለላችሁት በኋላ የዓይኑ ወደ ኋላ መዞር በራሱ ጊዜ ይመጣል። ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ዒላማው ፊት አጠገብ ከተቀመጠ ዓይኖቹ ወደ አፍንጫ ይገናኙና ሸውራራ ያደርጓታል፤ ትክክለኛው ርቀት የምታየው ነገር ያለበት ነው። ደግሞም ዓይን በጉድጓዱ ውስጥ ከ30 ወይም 35 ዲግሪ በላይ እንዳይሄድ ገደብ ይደረግለት፤ ካልሆነ ብሌኑ ከዐይን ቆብ ሥር ገብቶ ነጩ ብቻ ይቀራል።

ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ትርጉሙን ይገለብጠዋል። ዓይን ከቀደመ ሰውየው የውጭ ነገር ስቦታል። ራስ ቀድሞ ዓይን ከቀረ ልቡ እዚያው ነው፣ መዞር አልፈለገም፤ የሚያፍር ልጅ ወይም የሚጠረጥር ባለ ሱቅ እንዲህ ነው የሚዞረው። ሁለቱ አብረው ከዞሩ እንቅልፍ የተጫነው ወይም የደነዘዘ ሰው ይሆናል። እና አብዛኞቹ ማስታወቂያዎቻችን ላይ ጎረቤት ለቡና የምትጠራው ደስተኛ እናት ልክ እንደዚህ እንደ ደነዘዘው ነው የምትዞረው።

አሁን ወደ መሃሉ ፖዝ (አቋም)፣ አኒሜተሮች ብሬክዳውን ወደሚሉት እንምጣ። በእጅ ይሣል በነበረበት ዘመን ዋናው አኒሜተር ጫፎቹን ይሥላል፣ መሃሉን የሚወስነው ብሬክዳውን ይሣላል፣ የቀሩት ሥዕሎች ለረዳት ይሰጣሉ። ኮምፒውተሩ የረዳቱን ቦታ ነው የወሰደው፤ ብሬክዳውኑን የሚወስን ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል። ለራስ መዞር ብሬክዳውኑ ሁለት ጥያቄ ይመልሳል፦ አገጩ በየት በኩል ያልፋል? መሃል ላይ ሲደርስ ስንት ፍሬም ወስዷል? ሰው ሲዞር አገጩ በተለምዶ ዝቅ ብሎ በቅስት ያልፋል። ለ60 ዲግሪ መዞር መሃል ላይ ራሱን 8 እስከ 10 ዲግሪ ወደ ታች ማጎንበስና 4 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ማዘንበል ይበቃል። ወደ ላይ በቅስት ካለፈ የነቃ ወይም የኮራ ሰው ይሆናል፤ ወታደርና ባለሥልጣን ሲሠራ ይጠቅማል። ማዘንበሉን የሚዘልሉት ብዙ ናቸው፤ ልዩነቱ ግን በዓይን የሚታይ ነው፤ ሁለቱ ዓይኖች ለአንድ አፍታ በአንድ አግድም መስመር ላይ ካልሆኑ ብቻ ነው ራሱ ክብደት ያለው የሚመስለው።

በቁጥር ላሳይ። የቴሌቪዥን ሥርጭታችን በ25 ፍሬም የተለመደ ስለሆነ በ25 እንቁጠር፤ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሴኮንድ ነው። ልጁ ‹‹እማዬ›› ማለት የሚጀምረው ፍሬም 1 ላይ ይሁን። ሰው ድምፅ ሰምቶ ለመንቀሳቀስ 4 ወይም 5 ፍሬም ያህል ይፈጅበታልና እስከ ፍሬም 5 እናትየው አትንቀሳቀስም። ከ5 እስከ 8 ራሷ ወደ ተቃራኒው 3 ዲግሪ ትሄዳለች፣ 2 ዲግሪ ዝቅ ትላለች፤ አንቲሲፔሽን የሚባለው ይህ ነው፣ ከዚህ በላይ ከሆነ ኮሜዲ ይሆናል። ዓይኗ ከ6 እስከ 8 ወደ ልጁ በኩል 30 ዲግሪ ይዘላል። ፍሬም 8 ላይ ራሷ ትነሣለች። ፍሬም 13 ላይ ብሬክዳውኑ፦ የዞረችው 22 ዲግሪ፣ ያጎነበሰችው 10 ዲግሪ። ልብ በሉ፣ ከ8 እስከ 18 ባለው ጉዞ 13 ልክ መሃሉ ነው፤ ዲግሪው ግን መሃሉ ላይ አልደረሰም። መነሻውን እንዲያደላ ሆን ተብሎ ነው። ፍሬም 16 ላይ 50 ዲግሪ ትደርሳለች፤ በሦስት ፍሬም ብቻ 28 ዲግሪ ማለት ነው፣ ፍጥነቱ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ፍሬም 18 ላይ 63፣ ማለትም 3 ዲግሪ አልፋ ሄዳለች። ከዚያ እስከ 24 ቀስ ብላ ወደ 60 ትመለሳለች። ዓይኗ ልጁ ላይ የሚያርፈው ራሷ 30 ዲግሪ ሲደርስ፣ ፍሬም 14 ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ እየዞረ ፍሬም 18 ላይ ከመሃል 3 ዲግሪ ወደ ተቃራኒው ይሆናል፣ ራሷ ስትረጋ እሱም ይረጋል። ከጥሪው እስከ መርጋቱ አንድ ሴኮንድ አይሞላም።

ሰው በሰፊው ሲዞር ብዙ ጊዜ ዓይኑን ይጨፍናል። በዚህ ምሳሌ ቆቡ ፍሬም 9 ላይ መውረድ ይጀምራል፣ 11 እና 12 ላይ ሙሉ በሙሉ ተከድኗል፣ እስከ 16 ድረስ ይከፈታል። መክደኛው ሁለት ፍሬም፣ መክፈቻው አራት፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚሆነው። የላይኛው ቆብ አብዛኛውን መንገድ ይሄዳል፣ የታችኛው ጥቂት ብቻ ይነሣል። ስሜት መለወጥ ካለባት ደግሞ፣ ለምሳሌ ከመሰላቸት ወደ ፈገግታ፣ ለውጡ በፈጣኑ መሃል አይሁን፤ ማንም አያየውም። ከመዞሯ በፊት ይጀመር፣ ወይም ዞራ ከረጋች በኋላ ከ20 በላይ ባሉት ፍሬሞች ይምጣ።

የሚከተሉት ነገሮች ዘግይተው ይነሡ፣ ዘግይተው ይቁሙ። ትከሻ ፍሬም 10 ላይ ተነሥቶ 8 ዲግሪ ብቻ ዞሮ 21 ላይ ይቆማል። ጉትቻ ፍሬም 10 ላይ ይነሣል፤ ራስ ሲቆም እሱ አልፎ ይወዛወዝና 30 ላይ ይረጋል። የሹሩባ ጫፍ ከሥሩ 3 ፍሬም ይዘገያል፤ ሹሩባው በአራት የሪግ አጥንት ከተሠራ እያንዳንዱ አጥንት ከላይኛው 1 ፍሬም እንዲዘገይ ኪዎቹን (አኒሜተሩ ራሱ ያስቀመጣቸውን ፖዞች) ታይምላይን፣ ማለትም የጊዜ መስመሩ፣ ላይ ገፋ ማድረግ ነው። ነጠላ ከባዱ ነው። ትከሻ ላይ ያረፈው ክፍል ከትከሻው ጋር ይሄዳል፣ ራስ ላይ ያለው ከራስ ጋር፣ መሃሉ ያለው ይወጠራል ወይም ይላላል። ራስ ላይ ብቻ የታሰረ ነጠላ እናትየው ስትዞር ትከሻዋን እየጠረገ ያልፋል፤ ራስ ላይ ካልታሰረ ደግሞ ጆሮዋ ጨርቁን ቀዶ ይወጣል። የጨርቅ ሲሙሌሽን (የጨርቁን እንቅስቃሴ ኮምፒውተሩ የሚያሰላበትን) ማሄድ የማይችል ኮምፒውተር ካለ፣ ነጠላውን በአንገት ዙሪያ በሚዞሩ ስድስት ወይም ስምንት አጥንቶች ይዞ ክብደቱን ለራስና ለትከሻ ግማሽ በግማሽ ማካፈል በአብዛኛው ይበቃል።

ከረጋች በኋላ ሙሉ በሙሉ ደርቃ መቆም የለባትም። በሥሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታ) ሥራ ላይ አንድም ነገር የማይንቀሳቀስበት 10 ፍሬም ሥዕሉ የተበላሸ ያስመስለዋል። በሚቀጥሉት 12 ወይም 15 ፍሬሞች 1 ዲግሪ ያህል በዚያው አቅጣጫ ትንሸራተት። በእጅ የተሣለ ባለ ሁለት ገጽታ ሥራ ግን መቆምን ይችላል፤ እዚያ ላይ ይህን አታስገድዱ።

ከርቮቹ በሚታረሙበት ግራፍ ኤዲተር ውስጥ የሚፈጠሩ ብልሽቶች ሌላ ርዕስ ናቸው፣ ሦስቱን ብቻ ላንሣ። አንደኛው ራሱ መዞር ከመጀመሩ በፊት የሚያደርገው ስውር መንሸራተት ነው። ምክንያቱ ሁለት እኩል ኪዎች መካከል ከርቩ ሆዱን ስለሚነፋ ነው፤ ሃንድሉን (የከርቩን መታጠፊያ መያዣ) ‹‹አውቶ ክላምፕድ›› ማድረግ ወይም ማስተኛት ያጠፋዋል። ሁለተኛው የማዞሪያ ቅደም ተከተል ነው። በዩለር አሠራር ሦስቱ አቅጣጫዎች በተራ ነው የሚቆጠሩት፤ የመዞሪያው አቅጣጫ ከውጭ ያለው፣ ሌሎቹን ይዞ የሚሄደው መሆን አለበት። መሃል ላይ ከተቀመጠ፣ ራሱ በዞረ ቁጥር ‹‹ጎንበስ›› የሚለው ኮንትሮለር ‹‹ዘንበል›› ማድረግ ይጀምራል፤ አኒሜተሩም ሳያውቅ አንዱን በሌላው ሲያርም ይውላል። ብሌንደር የአጥንት ማዞሪያን ሲጀምር በኳተርኒየን (መዞርን በአራት ቁጥር በሚገልጽ ስሌት) ነው የሚሰጠው፤ አራቱን ከርቮች አንብቦ ‹‹ይሄ መዞሩ ነው›› ማለት ስለማይቻል ለራስና ለአንገት ገና ኪ ሳይቀመጥ ወደ ዩለር መቀየር ይሻላል። ሦስተኛው በአንድ ፍሬም ራሱ ሙሉ ክብ ሲሽከረከር የሚታየው ነው፤ ከርቩ ከ180 ወደ ተቀናሽ 180 ዘሎ ነው። ብሌንደርም ማያም የዩለር ፊልተር አላቸው፤ በአንድ ትእዛዝ ይጸዳል።

ቅስቱን ለማየት የሞሽን ፓዝ መሣሪያውን አፍንጫ ጫፍ ላይ አብሩት። የሚወጡት ነጥቦች መነሻና መድረሻ ላይ መጠጋጋት፣ መሃል ላይ መራራቅ አለባቸው፤ መስመሩም ያለ ማዕዘን መታጠፍ አለበት። አንድ ነጥብ ከመስመሩ ወጥቶ ከታየ ተመልካቹ የሚያየው መንቀጥቀጥ እሱ ነው። መሣሪያው የሌለው ሰው ስክሪኑ ላይ ስስ ላስቲክ ወጥሮ በማርከር አፍንጫውን በየፍሬሙ ነጥብ በነጥብ ቢያኖር ያው ነው።

እዚህ አገር ከሚሠራው ብዙው ግን ሥሪዲ አይደለም፤ ቁርጥራጭ ሥዕል በሞሆ፣ በቱን ቡም ሃርመኒ ወይም በአፍተር ኢፌክትስ ሶፍትዌር እየተንቀሳቀሰ ነው። እዚያ ራሱ ስለማይዞር መዞሩን የምናታልለው ቁርጥራጮቹን በማንሸራተት ነው፤ ስሕተቱም ሁሉንም በእኩል ማንሸራተት ነው። ራሱን ራዲየሱ 100 ፒክሴል የሆነ ኳስ አድርጋችሁ አስቡት። አፍንጫ መሃል ላይ፣ ዓይኖቹ ከመሃል ግራና ቀኝ 25 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም ከመሃል መስመሩ 42 ፒክሴል ርቀው ተቀምጠዋል እንበል። ኳሱ 30 ዲግሪ ወደ ቀኝ ሲዞር የአፍንጫው ሥር 50 ፒክሴል ይሄዳል፤ ጫፉ ከፊቱ 20 ፒክሴል ወጣ ያለ ከሆነ 60 ይሄዳል። የቀኙ ዓይን ከ42 ወደ 82 ይደርሳል፣ የሄደው 40 ብቻ ነው። የግራው ዓይን ከተቀናሽ 42 ተነሥቶ መሃሉን አልፎ 9 ላይ ይቀመጣል፣ 51 ሄዷል። የሚርቀው ዓይን ስፋቱ ወደ 63 በመቶ ይጠብባል፣ የሚቀርበው ደግሞ 10 በመቶ ይሰፋል። በግራ ያለው ጆሮ የሚሄደው 13 ፒክሴል ብቻ ነው፣ የቀኙ ከኋላ ይደበቃል። እነዚህን ቁጥሮች ያላከበረ ሰው ሁሉንም 50 ፒክሴል ይገፋና ራሱ ሳይዞር ፊቱ ብቻ ራስ ቅሉ ላይ ሲንሸራተት እናያለን።

ሌላም ነገር አለ። የመጀመሪያው 30 ዲግሪ አፍንጫን 50 ፒክሴል ሲወስደው፣ ከ60 እስከ 90 ያለው የመጨረሻው 30 ዲግሪ 13 ፒክሴል ብቻ ነው የሚጨምርለት። ስለዚህ በቁርጥራጭ ሥራ ላይ ወደ ጎን እየዞረ ያለ አፍንጫ በእኩል ፒክሴል መሄድ የለበትም፤ ወደ ዳር ሲጠጋ እየዘገየ መሄድ አለበት። ጎንበስ ሲል ደግሞ ዓይንና አፍ ወደ ታች፣ ጆሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ግንባርና ፀጉር ይሰፋል፣ አገጭ ወደ ደረት ይቀርባል።

አንድ ሥዕል አጣምሞ ከ35 ወይም 40 ዲግሪ በላይ መዞር አይቻልም። ለሙሉ መዞር ቢያንስ አምስት ሥዕል ያስፈልጋል፦ ሙሉ ፊት፣ ሁለት ሩብ ዘወር ያሉ፣ ሁለት የጎን። ሥዕል የሚቀየርበት ፍሬም የሚመረጠው በፈጣኑ መሃል ወይም ዓይኑ በተከደነበት ነው፤ በዘገምተኛው መነሻ ላይ ከተቀየረ መዝለሉ ፊት ለፊት ይታያል። ጊዜ ለመቆጠብ የቀኙን ሥዕል ገልብጦ ግራ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ይቻላልም። ግን ሲገለበጥ ሸሚዙ ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ተገልብጦ ይነበባል፣ የፀጉሩ ክፍያ ጎን ይቀይራል፣ ጉንጭ ላይ ያለ ጠባሳ ወይም የአንገት ንቅሳት ወደ ሌላው በኩል ይሻገራል፣ የነጠላው ጥለት ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ይዘላል። እነዚህ ነገሮች በተለየ ሌየር (ንብርብር) ላይ ተሠርተው ከመገለበጡ ውጭ መሆን አለባቸው። ይህ የሚወሰነው ገጸ ባሕሪው ሲነደፍ ነው፤ ሾቶቹ ከተሠሩ በኋላ ያስታወሰ ሰው እያንዳንዱን ሾት ይከፍታል።

ስለ ንግግርም አንድ ነገር ልበል። ከውጭ ትምህርት የተቀዳ ልማድ በየሐረጉ ራስን ማወዛወዝ ነው፤ ገጸ ባሕሪው ሦስት ቃል በተናገረ ቁጥር ራሱን ግራ ቀኝ ያደርጋል። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው፣ አሉታውም ግሡ ላይ ነው ያለው። ‹‹እኔ ነገ ገበያ አልሄድም›› ውስጥ ራስ የሚነቀነቀው ‹‹አልሄድም›› ላይ እንጂ ‹‹ነገ›› ላይ አይደለም። የራስ ምት ከድምፁ 2 ወይም 3 ፍሬም ቀድሞ ሲመጣ ልክ ይመስላል፣ አብሮ ሲመጣ የዘገየ። ንቅነቃው ደግሞ እየቀነሰ ይሂድ፤ 8 ዲግሪ፣ 6፣ 3፣ እያንዳንዱ 4 ወይም 5 ፍሬም። ‹‹አዎ›› ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ ቅንድብ ማንሣት የኛ ነው፤ ራስ በ3 ፍሬም 4 ዲግሪ ብቻ ወደ ላይ ይነሣል፣ ቅንድብ 1 ፍሬም ይቀድመዋል፣ መመለሻው 6 ፍሬም። ይህን ትታችሁ በትልቁ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ካስነቀነቃችሁት ሰውዬው ዐዲስ አበቤም ጎጃሜም አይመስልም። እስክስታ የሚሠራ ገጸ ባሕሪ ካለ ደግሞ አንገት ወደ ጎንና ወደ ፊት ሲንሸራተት ፊቱ አቅጣጫ አይቀይርም፤ ስለዚህ ሪጉ ራስን የሚያዞር ብቻ ሳይሆን ሳያዞር የሚገፋ ኮንትሮለር ያስፈልገዋል። ከኢንተርኔት የሚወርዱ ነፃ ሪጎች ብዙዎቹ ይህ የላቸውም።

የፍሬም ፍጥነት ጉዳይ በቴሌቪዥን ጣቢያና በአኒሜተር መካከል ያለማቋረጥ ጠብ የሚፈጥር ስለሆነ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ሶፍትዌሮቹ ብዙውን ጊዜ በ24 ነው የሚከፈቱት። በ24 የተሠራ ሥራ ወደ 25 ሲገባ ወይ 4 በመቶ ይፈጥናል፣ ወይ በየሴኮንዱ አንድ ፍሬም ይደገማል። ድግግሞሹ ከበስተኋላ ደመና ላይ ቢያርፍ ማንም አያየውም፤ ራስ በየፍሬሙ በ9 ዲግሪ ፍጥነት በሚዞርበት መሃል ላይ ሲያርፍ ግን አዟዟሩ ይሰናከላል፣ ደንበኛውም ‹‹አኒሜሽኑ ይቆራረጣል›› ብሎ ይመልሰዋል። ፕሮጀክቱ ሲከፈት 25 ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሥራው ለስልክና ለዩቲዩብ ብቻ ከሆነ 24 ላይ መቆየት ይቻላል።

ሥራ የሚያዙ ድርጅቶች ሙሉ ማስታወቂያ ከመዋዋላቸው በፊት የ2 ሴኮንድ ሙከራ ቢጠይቁ ይሻላል፦ 50 ፍሬም፣ ድምፅ የሌለው፣ ጀርባው ባዶ፣ ገጸ ባሕሪዋ አንድ ጊዜ ዞራ የምትቆምበት። ለሙከራው ክፍያ ይከፈል፤ በአግባቡ ለመሥራት ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሲመጣ ቪዲዮውን በቀስት ቁልፍ ፍሬም በፍሬም እያሳለፋችሁ እዩት። ዓይን ከራስ ቀድሟል? አገጩ ወርዶ ወጥቷል? ጉትቻው ከራሱ በኋላ ቆሟል? ዓይኖቹን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ድጋሚ እዩት፤ ዓይን ተሸፍኖም ወዴት እንደምታይ ከታወቀ የራሱ ሥራ ጥሩ ነው። ውሉ ላይም ከተጠናቀቀው ቪዲዮ ጋር የፕሮጀክቱ ፋይልና ሪጉ አብረው እንዲሰጡ ይጻፍ። ሬንደር በተደረገ (ተጠናቆ በወጣ) ቪዲዮ ላይ የአንዲት እናት አንገት 3 ፍሬም ማዘግየት አይቻልም፤ ፋይሉ ካለ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአኒሜሽን ባለሙያ
አዲስ አበባ